የእፀገነት በርጩማ

ይድረስ ለወንድሜ ለይሳቅ፣ ሁርሶ፤

ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ከድሬ ሙቀትና ከአንተ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ስልክህ ዝግ ስለሆነ በወረቀት መጣሁብህ።

የጓድ መሪ መሆንህን ሰማሁ፤ እሰይ! ብቻ አደራ፣ እንደ እፀገነት ሁን። ያቺ የልብስ ፋብሪካችን ሱፐርቫይዘር ትዝ ትልሃለች? አጠገቤ የምትሰፋው ፊርዶስ ሳምንት ሙሉ ስፌቷ ሲጣመምባት፣ እፀገነት በርጩማዋን ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና «እህቴ፣ ቤት ደህና ነው?» አለቻት። ለካ ልጇ ታማባት እንቅልፍ አጥታ ኖሯል። ልጅቷ እስክትድን ወደ ልብስ ማጠፊያው ክፍል አዛወረቻት፤ ብልሽቱም በዚያው ቀረ።

እፀገነት ግን ሥራ ለቀቀች። አዲሱ አለቃ ክፉ አይባልም፤ ዓይኑ ከስፌቱ አይነሳም እንጂ። ያበላሸ ሰው ማሽን ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ሦስት ሳምንት የታሰረባት ስምረት ከሥራ ተሰናብታለች። የእኔ ማሽን ላይ ካሰረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ምን ሆነሽ ነው አላለኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። እፀገነት ብትኖር ሳልነግራትም ታውቀው ነበር።

ፊርዶስ፣ አላህ ይስጣትና፣ በየጠዋቱ አለቃው ሳይገባ በእኔም መርፌ ክር ታስገባልኛለች። ቅዳሜ ሐኪም ቤት ወስዳኝ ነበር። ሐኪሙ ያለኝን ስትመጣ እንጫወተዋለን።

አንተ ግን ከሥርህ ያለ ሰው ሲሳሳት፣ ከመቆጣትህ በፊት አጠገቡ ቁጭ በል።

የሳቢያን ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ብለውሃል። በደህና ያገናኘን። መልስህን በትልልቅ ፊደል ጻፍልኝ፤ ካልሆነም ፊርዶስ ታነብልኛለች።

እህትህ የኔነሽ