ከምንጣፉ ሥር የቀረችው ሽቦ

ጥር 16

ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ ሳዞር… ጠቅ። ሌላ ምንም። ትናንት ደህና ነበር እኮ። ጎረቤቴ ታምሩ ከሁለት ሰዎች ጋር ገፍቶልኝ መኪናው ተነሳ። ክፍል ገብቼ ቾክ ስይዝ መዳፌ ጥቁር፤ ተማሪዎቹ ሳቁብኝ።

ማታ ባለቤቴ ሃሴት፣ "ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ። "ባትሪ ነው" አልኩ። ባትሪው ግን ገና ስድስት ወሩ ነው። የገፋ ሆዷን ያዘች። የምታስበውን አውቃለሁ። ካቻምና ምጥ ሲመጣባት ከዚህ ከቱላ ባጃጅ ስንፈልግ አንድ ሰዓት ሄደብን። ቀዶ ጥገና ክፍል ስትገባ ልጁ… አልጽፈውም። አሁን ሐኪሟ፣ "ምጥ ጀመረኝ ስትል ተነሱ። ይቺ ሴት መጠበቅ አትችልም" ብሎናል። ከተማ እህቷ ጋ እንድትሰነብት ለመንኳት። "ከቤቴ አልወጣም። የአባትህ ፒክአፕ አለ አይደል?"

አለ። በግፊ የሚነሳ።

ጥር 18

ሱልጣን ጋ ወሰድኩት። የልጅነት ጓደኛዬ፣ ፒያሳ ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ጋራዥ መኪናውን ትቶ የሚሄድ ሰው የለም፤ ዕቃ ይቀየራል ይባላል። ሱልጣን ጓደኛዬ ቢሆንም እንደ ሰዉ ሁሉ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ እጁን ሳይ ዋልኩ። ለምሳ ብቻ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ በልቼ ተመለስኩ። ስመጣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

"ዲናሞው ይሞላል። ባትሪውም ደህና ነው" አለ። "መኪናው ቆሞ እያለ ባትሪውን የሚጠጣበት ነገር አለ። ለጥምቀት የድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ስትጭን ሽቦ ጎትተህ ነበር?"

"የለም" አልኩ። ዲናሞውን መልሶ አሰረልኝ።

ለምን ዋሸሁ? እሱ እኮ ከበዓሉ በፊት፣ "እኔ ልግጠምልህ፣ ያለ ፊውዝ እንዳትቀጥል" ብሎኝ ነበር። ቸኮልኩና ራሴ ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ጎተትኩ። ሞንታርቦው ሲወርድ ሽቦዋን ቆርጬ፣ ጫፏን በናስትሮ ጠቅልዬ ከጋቢናው ምንጣፍ ሥር ከተትኳት። "አላልኩህም?" እንዳይለኝ ነው… ደግሞስ አንዲት ሽቦ ምን ታመጣለች?

ጥር 21

መኪናው እንደገና ሞተ። ታምሩ እየገፋ፣ "ዲናሞው ሲፈታ አጠገቡ ነበርክ?" አለኝ። "ምሳ ሄጄ…" ስል አላስጨረሰኝም። "በቃ! ኦሪጅናሉን ወስዶ ፎርጅድ አስሮልሃል።" ታምሩ ሃያ ዓመት የነዳ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ጥር 22

ሄድኩ። ሱልጣን ጋራዥ ሰው በተሰበሰበበት "ዲናሞዬን መልስ! ሌባ!" ብዬ ጮህኩ። ሱልጣን ካቻቢቴውን አስቀመጠ። "ጉልላት… እኔ?" አለ። አንድ ደንበኛ ተራውን ትቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ልቤን ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አላለውም።

ጥር 23

ለሃሴት ነገርኳት። "ሱልጣንን?" ብላ ፊቷን አዞረች። ራት አልበላንም።

ጥር 25

ሱልጣን ድሮ ያሳየኝን ሞከርኩ። የባትሪውን ነጌቲቭ ሽቦ ነቅዬ በባትሪውና በሽቦው መሃል ትንሽ አምፖል አገናኘሁ። መኪናው ጠፍቷል፤ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። የመብራት… የቴፕ… የክላክስ… ሁሉም አለቁ። አምፖሉ አሁንም በርቷል።

እንግዲህ በፊውዝ የማያልፍ ነገር ነው።

ያቺ ሽቦ? ናስትሮዋ ለቆ ብረት ነክታ ይሆን?

ምንጣፉን ላነሳ ጎንበስ ብዬ ነበር። እሷ ከሆነችስ? ሱልጣን ልክ ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት… ቀና አልኩ። አላነሳሁትም። ማታ ማታ ባትሪውን እነቅላለሁ፣ ጠዋት እሰካለሁ። ሃሴት እስክትወልድ ይበቃል።

ጥር 28

ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ምጥ ጀመራት። ባትሪውን ሰካሁ፣ ተነሳ። ተመስገን አልኩ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉጌጥ ሃሴትን ደግፈው አብረውን ጋቢና ገቡ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ፣ "ጉልላት፣ የሚሸት ነገር አለ" አሉኝ። የላስቲክ ቃጠሎ። ከእግሬ ሥር ጭስ። የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ በአንዴ ጠፋ፣ ሞተሩም። አወረድኳቸው። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን ነቀልኩ፤ ጣቴ ተቃጠለ። ሃሴት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ነከሰች።

"ጉልላት፣ እንደ ካቻምናው…" አለች። አልጨረሰችውም።

የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ሙሉ። ስልኬን አወጣሁ። ማን ጋ ልደውል? ጣቴ ሱልጣን ላይ ሄደ። አነሳ። "ሃሴት ናት… ምጥ ላይ ናት። ቱላ መንገድ ላይ ቆምን።"

"መጣሁ።"

ስንት ደቂቃ ቆየ? አላውቅም። ከጎረቤቱ መኪና ለምኖ መጣ። ፊቴን አላየም። "ቁልፍህን ስጠኝ። ይሄን ይዘህ ሂድ።" የሰው መኪና እየነዳሁ አደረስኳት። ወዲያው አስገቧት። በሩ ተዘግቷል፤ እስካሁን ማንም አልወጣም።

ምንጣፉን ባነሳው ኖሮ… ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በዚያው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት

ሴት ልጅ! ስታለቅስ ሰማኋት። ሃሴትም ደህና ናት። እትዬ ሙሉጌጥ እልል ሲሉ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አነባሁ።

ጥር 29

ሱልጣን መኪናውን ሆስፒታሉ በር ድረስ ነድቶ አመጣልኝ። "ለጊዜው ነው ያገናኘሁት። የተቃጠለውን መስመር በደንብ መሥራት አለብኝ" አለ። ከቁልፉ ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። "ለሃሴት እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ።" አፌን ሳልከፍት ሄደ።

ሽቦዋ ናት። ከሰል ሆናለች። ጫፏ ላይ የእኔው ናስትሮ፣ ላዩ ላይ ለጥምቀት መኪናውን ያስጌጥንበት ሪባን ቁራጭ ተጣብቆበታል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 6

ጋራዡ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት ጠብቄ መኪናውን ይዤ ሄድኩ። ሽቦዋን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። "ይቺን የቀጠልኳት እኔ ነኝ። ሱልጣን ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። ከዚያ መጥቼ እዚሁ ሌባ አልኩት። ሌባ አይደለም።" አንዱ ከኋላ ሳቀ። ይሳቅ።

ሱልጣን እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ሌባ ማለትህን ረስቼዋለሁ" አለ። "ግን አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ፣ ሃሴት እዚያ ድንጋይ ላይ አትቀመጥም ነበር።"

"ይቅር በለኝ" አልኩ። እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያን ቀን የተቀመጥኩበትን ጎማ በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "ሥራው እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ቁጭ በል።"

ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩ። አልተቀመጥኩም። መኪናውን ትቼለት፣ ባጃጅ ይዤ ወደ ልጄ ሄድኩ።