ከፋና የተቀማው ስልክ

ለወንድሜ ለገብረመስቀል፣ ካለህበት ጅዳ ይድረስህ።

እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን። እናታችን ወገቧን ብትልም ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ሰላምታዬ አጠረብህ አይደል? ሆዴ በግኖ ከዚህ በላይ አልወጣ አለኝ።

ለአጎታችን ለአያ ከፋለ ደውለህ፣ «ፋና የቤታችንን ገመና ለማታውቀው ሰው እየዘረገፈች ነው አሉ፤ ያን የላክሁላትን ስልክ ይቀሙልኝ» ብለሃቸዋል። ቀሟት። ማን ነገረህ? ከመፍረድህ በፊት እህትህን ጠየቅሃት? እንግዲያው ከኔ ስማ።

ባሏ ውዱ በኤድስ ከሞተ ወዲህ ፋና ሁለቴ ተመርምራ ነፃ ነሽ ተብላለች። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ልቧ ድንገት ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ «ያዘኝ፣ ሞትኩ» ትላለች። የምትበላበትን ዕቃ ለየች። እጇን ስትፈትግ ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ። ልጇን ማኅሌትን መሳም ተወች፤ ልጅቱ «እማዬን ምን አደረግኋት?» እያለች እኔ ጉያ ገብታ ታለቅስ ነበር። ጠበል ወሰድናት፤ ሰነበተችና ተመለሰባት። ጎረቤት ደግሞ «ደብቃን ነው እንጂ» ብሎ በማኅበር ጽዋ ነሳት። ያን ጊዜ ስለ ስማችን ምነው አልተቆጣህ?

አዲስ አበባ ካለች ሰውነት ከምትባል ምክር ሰጪ ጋር በስልክ ያገናኘቻት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። እኛ ዘንድ ኔትወርክ በደንብ ስለማይገባ በየሳምንቱ ጉብታው ላይ እንወጣለን። አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ የማንም ገመና አልተወራም! «ፍርሃትሽ ምን ይልሻል? የምርመራውስ ውጤት ምን አለሽ? ማንኛቸውን እንመን?» ትላታለች ሰውነት። ልቧ ሲደልቅ ሳትሸሽ ቆማ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ፣ የምትፈራውንም በጥቂት በጥቂቱ እንድትደፍረው ታለማምዳታለች። መጀመሪያ ከኔ ጋር ከአንድ ገበታ በላች። ቆይታ የማኅሌትን ፀጉር ሠራች። ዓቢይ ጾም ሲገባ ልጇን ሳመቻት። እኔና እናታችን ጓዳ ገብተን አለቀስን።

ይህን ነው ያስቀማሃት! ስልኩ ከሄደ በኋላ ገበያ መሃል ፍርሃቱ ተነሣባትና ሸቀጧን ጥላ ሮጠች። ቤት ዘግታ ተቀመጠች፤ ማኅሌትንም ዳግመኛ ሸሸቻት። አንተ እዚያ ሆነህ ስለ ስም ትጨነቃለህ፣ እዚህ ልጅ እናቷ በቁሟ ጠፍታባት ነበር።

እኔ ከአያ ከፋለ ልጣላ ስነሣ ፋና ቀደመችኝ። ቀስ ብላ እየተነፈሰች ሄዳ፣ እንግዳ በተቀመጠበት፣ «አያ፣ እብድ አይደለሁም፤ ፈርቼ ነው። ስልኬን ይመልሱልኝ» አለቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ትናንት ከሰውነት ጋር ተነጋገረች። ዛሬ ጠዋት የማኅሌትን ጉንጭ ይዛ ስታስቃት አየሁ።

ካሁን ወዲያ የምትለው ካለህ ለራሷ ደውል። አስቀድመህም «እንዴት ነሽ?» በላት።

አብሮህ ለሚኖረው ለደግሰው ሰላም በልልኝ፤ ቤተሰቦቹ ደኅና ናቸው። እናታችን አመተ ጊዮርጊስ «አምላክ ይጠብቅህ» ትልሃለች። አያ ከፋለም ሰላም ብለውሃል። ማኅሌት ጉልበትህን ትስማለች። ፋና «ይቅር ብዬዋለሁ በዪው» ብላለች። እኔ ግን ገና ነኝ።

እህትህ አለሜ
ላስታ፣ ገነተ ማርያም አጠገብ
ግንቦት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.