የሚያነብልኝ ሰው ስም

ሰኞ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ወረታ

የሩዝ ዘር ምዝገባ ዛሬ ያበቃል ስለተባለ ስልኬ ላይ ካለው የገበሬዎች ማኅበራችን ቦት፣ በጽሑፍ እየጠየቀ ከሚመዘግበው ፕሮግራም ጋር ስነታረክ ዋልሁ። ስሜን፣ ቀበሌዬን፣ የማሳዬን ስፋት ጠየቀኝ፤ ጻፍሁ። ሴት መሆኔንና ዕድሜዬን ስነግረው ግን «ይህን የሚያነብልዎት ሰው ስም ማን ነው?» አለኝ። ባዶ ብተወው አላሳልፍም አለ። ፊደል በሃምሳ ዓመቴ የቆጠርሁት ለዚህ ነው!

ቦቱን የሠራችው የወንድሜ ልጅ ሰላም ናት። ደወልሁላት።

«እትዬ፣ ቦቱ እኮ ከራሱ አይጠይቅም። ጥያቄዎቹ መረጃ ቋት ውስጥ ናቸው፤ እዚያ የተጻፈለትን እያወጣ ነው የሚጠይቅ።»

«እዚያስ ማን ጻፈለት?»

«እኔ ነኝ። ከስድሳ በላይ ለሆኑ ሴቶች ብዬ... ነገ አጠፋዋለሁ።»

«ነገ ምዝገባው ካለፈ በኋላ?»

የተማረች እየተባለች የምትሞገሰው ይህች ናት። እኔ ሀሁ ስል አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትስቅ የነበረችውም እሷው ናት። ዘጋሁባት።

የራሴን ስም ጻፍሁና ላክሁ። ቦቱም መለሰልኝ፦ «የሺ ተገኘ፣ ስላነበቡላቸው እናመሰግናለን። እናታችን መመዝገባቸውን ይንገሩልን።»

ለራሴዋ ለየሺ ነገርኋት። ደስ አላላትም።