ስልሳ አንድ ዓመቴን ሳይንቅ ለገና ቡድን አጥቂነት ለመረጠኝ ኮሚቴ

ለሰንበሌጥ የገና ጨዋታ ማኅበር የቡድን መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? የወገብዎስ ነገር? ወንበር ላይ ብዙ የሚቆይ ሰው ወገቡን ያመዋል ሲሉ ስለምሰማ ሁልጊዜ አስብልዎታለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የግራ ጉልበቴ ብቻ ካበጠች ዛሬ አራት ቀኗ ነው፤ እርሷም ያበጠችው በኮሚቴዎ ምርጫ መሠረት ሜዳ ላይ ስሮጥ ስለሆነ እንደ ሽልማት ቆጥሬ ይዣታለሁ።

ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ አለበል አንዷለም እባላለሁ። ከቡሬ ወረድ ብሎ ያለው የሾላ በር ቀበሌ ገበሬ ነኝ። ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ነው። ትምህርቴ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት እስከ መድገም ነው፤ የቀረውን ከራዲዮና ከግድግዳ ማስታወቂያ ለቅሜዋለሁ። በባሕር ዳር በገና ሰሞን ለሚደረገው አገር አቀፍ የገና ጨዋታ ውድድር ኮሚቴዎ ከመረጣቸው ዐሥራ ስምንት ተጫዋቾች አንዱ እኔ ነኝ። የመለያ ቁጥሬ ዘጠኝ ነው። አጥቂ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ሰሌዳ፣ በመናኸሪያው አጥርና በቡሬ እህል ገበያ በር ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልብኝ። ለእርስዎ ብቻ ብልከው መሳቢያ ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር ሠግቼ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ላስረዳ። አንዷለም የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ አለኝ፤ ስሙን ያወጣሁለት በአባቴ ስም ነው። ኅዳር ላይ ቡሬ በተደረገው የሙከራ ጨዋታ ሰባት ግብ አግብቶ በነጥብ ከሁሉም የበላይ ሆነ። አሰልጣኝ ታከለም በእጁ ጽፎ ባቀረበው ዝርዝር ላይ አንደኛ አድርጎ አሰፈረው። ኋላ ግን የቀበሌያችን የድጋፍ ደብዳቤ መጣ፤ አዲሱ ቅጽ ደግሞ የአባትን ስም አስቀድሞ የልጁን ስም አስከትሎ የሚያስሞላ ነው። ጸሐፊያችሁ ፀደንያ እንዳነበበችው ተየበችው። አንዷለም አለበል የነበረው ልጅ አለበል አንዷለም ሆኖ ወጣ። አለበል አንዷለም ደግሞ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስሙ። ልጄ መታወቂያውን ይዞ ሊመዘገብ ሲመጣ ስምህ የለም ተብሎ ተመለሰ። ባዶ እጁንም አልሰደዳችሁትም፤ «አንዷለም አለበል የተባለ ግለሰብ በተመረጡት ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ የለም» የሚል እርስዎ የፈረሙበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጣችሁት። ልጅ ሲባረር ደረሰኝ የሚሰጥ ማኅበር ከእናንተ በቀር አላውቅም። ፀደንያ የምትባለው ልጅ ግን እግዜር ይስጣት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሁኑኑ ላስተካክለው ብላ እኔ ፊት ለመነችዎት። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ ለመንሁ። እርስዎ ቀና ብለው ሳያዩ እንዲህ አሉ፦ «አቶ አለበል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይነካካም።» ውድድሩ በአራት ዓመት አንዴ መሆኑን ባስታውስዎ፣ አራት ዓመት ምን አላት፣ ልጁ ገና ጎረምሳ ነው ብለው አጽናኑኝ። ስለ ማጽናናትዎ አመሰግናለሁ።

ከቢሮዎ ስወጣ ሰሌዳው ላይ የተጠባባቂውን ስም አየሁ። አንድ ብቻ ነው፤ ቴዎፍሎስ ይባላል። በሙከራው ቀን ያየው ሰው የለም። ማን እንደሆነ ብጠይቅ የእህትዎ ልጅ ነው አሉኝ። ዘመድ መሆን ጥፋት አይደለም፤ እኔም የልጄ ዘመድ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ መመዝገቤ። ከዝርዝሩ ሥር «ስሙ የሰፈረ ተጫዋች መታወቂያውን ይዞ ካልቀረበ በተጠባባቂ ይተካል» ይላል። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ወደ ቤቴ ሄጄ መታወቂያዬን ከሣጥን አወጣሁና በማግሥቱ ጧት ከጎረምሶቹ ጋር ተሰለፍሁ። ፀደንያ መታወቂያዬን አየች፣ ዝርዝሩን አየች፣ መልኬን አየች፤ ከዚያ በነጠላዋ አፏን ሸፍና መዘገበችኝ። እርስዎም ከቢሮ ብቅ አሉ። አንድ ነገር ሊናገሩ ከንፈርዎ ተላቆ ነበር፤ ኋላ ማኅተሙ ትዝ አለዎት መሰለኝ ተመልሰው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ክብር ተነግሮ አያልቅም። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ ለዕድሜዎ ጥሩ ነዎት ካለኝ በኋላ ስንት ዓመትዎ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሰማያዊ ቱታ ተሰጠኝ። ማረፊያው ስገባ ልጆቹ ዘበኛ መስዬያቸው የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ጠየቁኝ፤ አጥቂ ነኝ ስላቸው አንዱ ከአልጋው ወደቀ። አሁን ግን ተላምደናል፣ አባ ዘጠኝ ይሉኛል። ባለቤቴ እማዋይሽ ብቻ ናት ያልተላመደችው። በቱታ ሆኜ ቤት ብደርስ ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ ጎረቤት ሳያይህ ግባ አለችኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ መስፈርታችሁ። ኮሚቴዎ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ሙሉ ተሰብስቦ፣ ረጅም ይሻላል ወይስ ደንዳና፣ የከተማ ልጅ ይሻላል ወይስ የገጠር እያለ መከራከሩን ሰምቻለሁ። የገጠር ልጅ ይሮጣል ግን ሥርዓት ያንሰዋል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል አሉ። ለሥርዓቱ ማሟያ የጽሑፍ ፈተናም ታክሏል፤ የገና ጨዋታ በየትኛው ክፍለ ዘመን ተጀመረ የሚል ጥያቄ አለው። ሩሯ ከዱላው አምልጣ ወደ ግብ ስትከንፍ ክፍለ ዘመኑን ጮክ ብለን ብንነግራት ትቆም ይሆን? ለመሆኑ ከኮሚቴው የገና ዱላ ጨብጦ የሚያውቅ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አንደኛው ፎቶግራፍ ሲነሣ ጨብጧል ብለውኛል። ስለ ልምዱ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ቀለቡ። በጾመ ነቢያት መካከል እንቁላልና ወተት ለቡድኑ ስለመደባችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ዐሥራ ስምንታችንም ጿሚዎች ነን። እንቁላሉ ግን እስካሁን አልተረፈም። ማን እንደሚበላው አልጠየቅሁም፤ በጾም ወራት ሰው አይታማም።

አምስተኛ፣ ስለ ልጄ። እዚህ ላይ ክቡር ሆይ ቀልዴን ትንሽ ላሳርፈው።

ጊዜው የአጨዳና የአውድማ ነው። ባለፈው ሳምንት እርሱ አውድማ ላይ የእኔን ጤፍ ሲያበራይ፣ እኔ ሜዳ ላይ የእርሱን ሩር ሳባርር ሰነበትሁ። ቦታውን ይዤ ልቆይለት እንጅ ተጫዋች ልሁን ብዬ አይደለም፤ እኔ አንድ ቀን ብቀር የእህትዎ ልጅ ሊገባ ነው። አሰልጣኝ ታከለም ይህን ስለሚያውቅ ዳር ላይ ያቆመኝና ይተወኛል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሰው ጎደለና ግባ አለኝ። ገባሁ። ልጄ በዚያው ቀን ስንቅ ይዞልኝ መጥቶ ኖሮ ከገመዱ ውጭ ቆሟል። ዱላውን በእጁ ይዟል፤ ከወይራ ቆርጦ፣ ሁለት ክረምት ቅቤ እየቀባ ያሸው ዱላ ነው። እያየኝ መሆኑን ሳውቅ የማይገባኝን ሩጫ ሮጥሁ። ጉልበቴ ከዳችኝና በአፌ ተደፋሁ።

ገመዱን ዘሎ መጣ። ጥበቃው ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሰው ሜዳ አይገባም ብሎ ሊይዘው ነበር። አልሰማውም፤ አዝሎኝ ወጣ። ከጥላው ሥር ካስቀመጠኝ በኋላ አፈሩን ከፊቴ እየጠረገ «አባየ፣ ይበቃዎታል። አንቱ ሲወድቁ ከማይ እኔ ብቀር ይሻለኛል» አለኝ። ከዚያ ዱላውን እዚያው ጥሎ ወደ መናኸሪያ ሄደ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰምም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ይህ ልጅ ከዚያ ወዲያ ስለ ጨዋታ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እናቱ እንደላከችብኝ ከሆነ አውድማውን እንደጨረሰ ለቀን ሥራ ሊወጣ ነው።

እንግዲህ ምርጫዬ ሁለት ሆነ። ብቀር ቦታው ለቴዎፍሎስ ነው። ብቀጥል የሽማግሌ ሬሳ ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ይለቀማል፣ ልጄም ቆሞ ያያል። እርስዎ ያሰቡትም ይህንኑ ይመስለኛል፤ ሽማግሌው ሁለት ቀን ሮጦ ይደክመዋል ብለው ነው ዝም ያሉኝ። አልተሳሳቱም፤ ደክሞኛል።

ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጉልበት ቅባት ይዞ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው አለ። ቴዎፍሎስ ነው። እኔ በልቤ ስንት ስድብ አዘጋጅቼለት ነበር፤ ልጁ ግን መልካም ልጅ ሆኖ ተገኘ። አጎቴ ሳይጠይቀኝ ነው ስሜን የጻፈው፣ የገና ሰሞን የባጃጅ ሥራ የሚበዛበት ነው፣ በሺህ ሰው ፊት መሳቂያ መሆን አልፈልግም ብሎ አጫወተኝ። ዱላ አያያዝ ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ እኔ ሩሯን የማውቃት ባጃጄ ጎማ ሥር ስትገባ ነው» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። ተጠባባቂነቱን እንደተወ የሚገልጽ ማመልከቻም በገዛ እጁ ጽፎ ፈረመ።

ስለዚህ የማኅበርዎን ደንብ አንቀጽ ዐሥራ አራትን ላንብብልዎ፤ በሰሌዳው ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለሚያርፍበት ደብዝዟል። «ተጫዋች በጽሑፍ ራሱን ቢያገልል በተጠባባቂው ይተካል፤ ተጠባባቂ ከሌለ በሙከራው ከፍተኛ ነጥብ ያገኘና በዝርዝሩ ያልተካተተ ተጫዋች ይገባል።» ትናንት ሰኞ ጧት የቴዎፍሎስን ማመልከቻ አስቀድሜ፣ የእኔን አስከትዬ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ሁለቱም ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በሙከራው ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው አንዷለም አለበል ነው። በዝርዝሩ አለመካተቱን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ፈርመው መስክረውለታል፤ የምስክርነቱን ወረቀት ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤዋለሁ። አዲስ ተጠባባቂ ልጨምር ቢሉ ዝርዝሩን መነካካት ሊሆንብዎ ነው፤ እንዲያ ዓይነት ነውር ከእርስዎ አልጠብቅም። አሰልጣኝ ታከለም ደንቡን አንብቦ ለልጄ ስልክ ደውሎለታል። ዛሬ ጧት አውድማውን ለእናቱ ትቶ ልምምድ ገብቷል። ሐሙስ አውቶቡሱ ሲነሣ ዐሥራ ስምንት ሰው ተቆጥሮ ይሳፈራል፤ እኔ ከታች ቆሜ እጄን አወዛውዛለሁ።

ልጄን በራስዎ እጅ ከዝርዝር አስወጥተው በራስዎ እጅ ስላስገቡልኝ፣ እንዲህ ያለ ውለታ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚገኝ እንጃ።

ቁመው ሲሄዱ ጉልበት፣ ተቀምጠው ሲፈርሙ የማንበቢያ መነጽር እንዳይለይዎ ከወደቅሁበት ሆኜ እየለመንሁ፣

እስከ ትናንት የመለያ ቁጥር ዘጠኝ፣
ከዛሬ ጀምሮ የመለያ ቁጥር ዘጠኝ አባት፣
አለበል አንዷለም
ከሾላ በር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቡድኑ ዘፈን አውራጅ እንዲሆን የመረጣችሁት ጎረቤቴን ቂርቆስ አድማሴን ነበር፤ ዝርዝራችሁ ላይ የሰፈረው ግን በዚያው ቅጽ ምክንያት አድማሴ ቂርቆስ ነው። እንዲህ የሚባል ሰው በቀበሌያችን ስላልነበረ ብዙ ተጨንቀን ነበር። ደግነቱ ባለፈው ዓርብ የቂርቆስ ባለቤት እህተ ማርያም ወንድ ልጅ ተገላገለች፣ ስሙንም በአያቱ አድማሴ ብለውታል። የመረጣችሁት ሰው በዚህ ሁኔታ ስለተገኘ እንኳን ደስ አላችሁ። ድምፁን በስልክ ሰምቼዋለሁ፣ ማይክ አያስፈልገውም። እናቱ አራስ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ እስከ ባሕር ዳር አቅፎት የሚሄድ አንድ የኮሚቴ አባል ይመደብልን። እርስዎ ቢሆኑ እንመርጣለን፤ ሰው እያለቀሰ እንዳልሰሙ ሆነው መቀመጥ እንደሚችሉ እኛ ምስክር ነን።