ሚዳቋ ጠባቂ ያሉኝ ሰሞን

ሰኞ፣ የካቲት 17። ከሰ. 11 ሰዓት

ዛሬም ሜዳው ላይ ነኝ። ከኪርያት አርዬ ስፌት ፋብሪካ ወጥቼ፣ ቤት ሳልረግጥ፣ በቀጥታ። ጀርባዬ እንጨት ሆኗል። ቀኑን ሙሉ የሱሪ ዚፕ ስሰፋ ውዬ አሁን ደግሞ ባሕር ዛፍ ሥር የብርቱካን ሣጥን ላይ ቁጭ። ደብተሬ ሆይ፣ ካንተ ሌላ የማወራው የለኝም፤ ቻለው።

መርገሜ፣ ማለት የወር አበባዬ፣ ጠዋት መጣ። ሰባት ቀን እንግዲህ። አገር ቤት ቢሆን ከሴቶቹ ጋር ጎጆ ገብቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ጥጥ እየፈተልኩ ሐሜት እሰማ ነበር። ለካስ ዕረፍት ኖሯል! እዚህ ጎጆ የለ። ፋብሪካው መርገም አያውቅም፤ የቀረ ይቀራል ነው። ቤት ደግሞ አማቴ እማማ ጥሩየ አሉ። አይቆጡም፤ ዓይናቸው ብቻ ይበቃል። ደፍ አልረግጥም፣ ድስት አልነካም፣ ልጄን አስቴርን አላቅፍም። ማታ በረንዳ ላይ እተኛለሁ፤ ምድር ቤት ስለሆንን ከውጭ ይገባል። ቀን ግን በረንዳ ላይ መቀመጥ አይሞከርም። ባለፈው ወር ጎረቤቱ ሁሉ ባሏ አባረራት ብሎ አንዱ ፖሊስ ሊጠራ ነበር። አድማሱ፣ ምስኪኑ ባለቤቴ፣ ምሎ ተገዝቶ ነው የተረፈው።

ስለዚህ እስኪመሽ ሜዳ። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ሰንበሌጥ እዚህም አለ፣ የኛው ሰንበሌጥ! ቀይ አበባ በየቦታው። ሚዳቋዎቹ አሁን ወጡ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ተመልሰው ጋጡ። እነሱ እንኳ አይሸሹኝም።

ብርድ ነው። በቃኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ወ/ሮ ዶራ ሜዳ ላይ አገኙኝ። ከሦስተኛ ፎቅ ናቸው፣ ከሮማኒያ የመጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ የት/ቤት ጸሐፊ የነበሩ። የሳቸው ዕብራይስጥ በሮማኒያ፣ የኔው በጎንደር፤ እንዴት እንደተግባባን እግዚአብሔር ይወቀው።

በመስኮት ሲያዩኝ ከርመዋል። ባለፈው ወርም፣ አሁንም፣ አንድ ቦታ፣ ሳልነቃነቅ፣ ሚዳቋ ሳይ። እንዳንቺ ተፈጥሮ የሚወድ ሰው በዚህ ሰፈር አላየሁም አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምን ልበል? በዚያች ዕብራይስጤ መርገምን ላስረዳ? አዎ አልኩ። አዎ ነው ያልኩት፣ ሰማህ?

ከዚያ ወሬው መጣ። ዒሪያው፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሜዳውን ጠርጎ መጋዘንና የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። ሰዎች ቫዓድ አቋቁመዋል፣ ኮሚቴ። ሚዳቋውን፣ ቆቁን፣ አበባውን፣ ሣሩን እናድን ብለው። ግቢ አሉኝ። በሰደር አልኩ፣ እሺ ማለት ነው። በዚህ አገር ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው በሰደር ከማለት ነው።

ማታ በበረንዳው ብረት በኩል ለአድማሱ ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። እማማ ጥሩየ ከውስጥ ሆነው ደመወዝ አለው ወይ አሉ። የለውም። እንግዲያው የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ አሉ።

ግን መጋዘኑ ከመጣ እኔ የት ልቀመጥ ነው? ይህን ማን ያስባል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ንጹሕ ነኝ፣ ስለዚህ ወ/ሮ ዶራ ቤት ገባሁ። የቫዓዱ ስብሰባ። ወሬ፣ ብስኩት፣ ወሬ። ከኔ በቀር ጥቁር የለም። ናታን የሚባል አውቶቡስ ነጂ ብዙ ይጮኻል፤ ክፋት ግን የለውም። ወንድሙ ዝም ብሎ ብስኩት ይበላል።

ሥራ ተከፋፈልን። የጭነት መኪና በሌሊት የሚደፋውን ፍርስራሽ መልቀም። ውሻ ማባረር። አበባ የሚነቅሉትን በትሕትና መከልከል። ለበጋው የውሃ ገንዳ ማኖር። ለኔ የሩቅ ማሳያ መነጽር ተሰጠኝ፣ ሚዳቋ ጠባቂ ተብዬ። ሁሉም አጨበጨቡ። ላቤ መጣ።

ሰንበት ካለፈ በኋላ፣ እሑድ፣ መጋቢት 7

ከፋብሪካ በኋላ ፍርስራሽ ስንለቅም አመሸን። ብሎኬት፣ ሸክላ፣ የተሰበረ መታጠቢያ ገንዳ። ናታን በዚህ ሁሉ ፉጨት! እኔ ወገቤ ተቆርጧል። እቤት ስገባ ድስቱ ባዶ፣ ልብሱ ያልታጠበ። አስቴር ስለ ሜዳው ክፍሏ ውስጥ ተናግራ መምህሯ አሞገሰቻት። በዕብራይስጥ ነው የነገረችኝ። ግማሹን ገባኝ፤ ደስታዋ ግን ሙሉ በሙሉ ገባኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ትናንት መርገሜ መጣ። ዛሬ ዝናብ። ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል እንጂ አያስጠልል። ተበሳጨሁ፣ እውነት ተበሳጨሁ። ተነሳሁና ጎጆ ሠራሁ።

ቅርንጫፍ ተከልኩ፣ አጎበጥኩ፣ የአምናውን ደረቅ ሰንበሌጥ ነዶ ነዶ አድርጌ ከደንኩ። አንድ ሰው ብቻ የምትችል። በሩን ወደ ፀሐይ መውጫ አደረግሁ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ውጭ ቀረ።

በሱዳን በኩል ከመጣን ወዲህ እንዲህ አርፌ አላውቅም። አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ጉድ በል ጎንደር! ምን ብዬ ልጻፍ?

ከሥራ ስደርስ ጎጆዬ በራፍ ላይ ወ/ሮ ዶራ ቆመዋል፣ ከደስታ ብዛት እጃቸውን ያማታሉ። ውስጥ ማን አለ? ናታንና ወንድሙ! ሁለት ወንድ፣ በኔ የመርገም ጎጆ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ከቴርሞስ ሻይ እየጠጡ፣ በመነጽር ሚዳቋ ያያሉ። እንስሳው የማያውቀው መደበቂያ ሠራሽ፣ ድንቅ ነው፣ ቫዓዱ በሙሉ ይጠቀምበታል አሉኝ። ናታን ሻይ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ። ወደ ኋላ ዘለልኩ። ዓይናፋር ናት አለ።

ውጡ ልል አፌ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ምን ብዬ? እዚያ የተቀመጣችሁበት ሣር ላይ ትናንት እኔ... አይ!

አድማሱ ዛሬም ሳቀ። እማማ ጥሩየ አልሳቁም። ሰዎቹ ረክሰዋል፣ እስኪመሽ ድረስ፣ ገላቸውንም ልብሳቸውንም ይጠቡ፣ ሂጂና ንገሪ አሉ። ማታውኑ ሰንበት ይገባል እኮ! አልነገርኩም። ዓርብ ስለሆነ መታጠባቸው አይቀርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3። ጠ.

ዛሬ የሥራ ተራዬ ስላልሆነ ጠዋት ሜዳ ወጣሁ። መርገም የለብኝ፣ ማንም አላስወጣኝ። በፈቃዴ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔም ገርሞኛል።

ሚዳቋዋ ረጅሙ ሣር ውስጥ ስትወልድ አየሁ። ተኛች፣ ተነሳች፣ ተኛች። ግልገሏ ወደቀች፣ እርጥብ። ላሰቻት። የእናቲቱ ደም እግሯ ላይ ነበረ። ሌሎቹ አጠገቧ ይግጣሉ፤ አንዷም ዞር በይልኝ አላለቻትም። 

ስመለስ በወዲያኛው ጥግ ሌላ ግልገል አገኘሁ፣ ውሾች የበሉትን። የቀረውን በሣር ሸፈንኩት። ቁርሴን ሳልነካው ይዤው ተመለስኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5

ዛሬ ሁሉም ነገር ተቆረጠ። ልብ ብለህ ስማ።

የዒሪያው መሐንዲስ መጣ። ጸጉረ ነጭ፣ እንደኔው የደከመው ሰው። ሜዳው ባዶ መሬት ነው ሲል ወ/ሮ ዶራ እጁን ይዘው ወደ ጎጆዬ ወሰዱት። ባዶ? ይኸው መመልከቻችን፣ ይቺውና ጠባቂያችን! አጎንብሶ ገባ፣ እሱም። (ሦስተኛው ወንድ። ለእማማ ጥሩየ አልነግርም።) ግልገሏን በመነጽር አሳየሁት። መነጽሩን ቶሎ አልመለሰልኝም።

ሲወጣ እንዲህ አለ። መጋዘኑ ወደ ሌላ ቦታ ሊዞር ይችላል። በአንድ ነገር ግን፦ ሜዳው ዙሪያውን ይታጠራል። ውሻም፣ መኪናም፣ ሰውም እንዳይገባ። ለሕዝብ በር የለውም። በዓመት አንዴ ሣር የሚያዩ ባለሙያዎች ይገባሉ፣ ሌላ ማንም አይገባም። ቫዓዱም ቢሆን። ጎጆውም ይነሳል። ካልፈለጋችሁ መጋዘኑ ይቀጥላል።

ናታን ጮኸ። ወ/ሮ ዶራ ገረጡ፤ ሜዳው ለሳቸውም የምሽት መንሸራሸሪያቸው ነው። ቢሆንም እጃቸውን አወጡ። ናታንም እያጉረመረመ። ወንድሙም። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሚዳቋ ጠባቂዋ ምን ትላለች?

በልቤ ቆጠርኩ። የሚቀጥለው መርገሜ ፋሲካ ላይ ይውላል። ሜዳ የለም፣ ጎጆ የለም። ቤቱ ሁሉ እንግዳ፣ ደረጃው ሁሉ ሰው፣ እኔ በረንዳ ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ። እጄ ከበደኝ። ያን የተበላ ግልገል አሰብኩ።

አወጣሁ።

አቀፉኝ። ወ/ሮ ዶራ ግንባሬን ሳሙኝ። ደስ አላለኝም፤ ደከመኝ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14። ከሰ. 11

አጥሩ ቆመ። ዒሪያው እንዲህ ሲቸኩል አይቼ አላውቅም። ሽቦ፣ ከቁመቴ በላይ። ጎጆዬን ነቅለው ሣሩን እዚያው በትነውታል።

መርገሜም ትናንት መጣ፣ ቀኑን ሳያዛንፍ። ከውጭ ቆሜ በሽቦው አየሁ። ግልገሏ ቆማ ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ትሮጣለች። ውሻ አንድም የለም። ቆቅ ጮኸ። ሣሩ እኔን የሚያውቀኝ አይመስልም። ጥሩ ነው። ጥሩ ነው እኮ! ታዲያ ለምን ሽቦውን መልቀቅ አቃተኝ?

የምቀመጥበት ስላጣሁ የአውቶቡስ ማቆሚያ ሄጄ ተቀመጥኩ። አራት አውቶቡስ አለፈኝ። አምስተኛው ናታን ሆነና በሩን ከፍቶ ወዴት ነሽ አለኝ። የትም አልኩት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል

በረንዳ፣ ከአጥሩ ያተረፍኩት ሣጥኔ ላይ። የፋሲካ ምሽት። ሕንፃው በሙሉ የበዓል ልብስ ለብሶ በፊቴ ያልፋል። መልካም በዓል፣ መልካም በዓል። ለምን ውጭ ሆንሽ? ሙቀት ነው እላለሁ። ሙቀት የለም።

ወ/ሮ ዶራ ወርደው መጡ። ታመሻል ወይ አሉ። ደክሞኝ ስለነበር ነገርኳቸው። እንዳለ፣ በዚያች ዕብራይስጤ፣ በጣቴም እየጠቆምኩ። ሜዳውን፣ ሣጥኑን፣ ጎጆውን፣ ሁሉን። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ናታን... አሉ። አዎ፣ ናታንም አልኩ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ሳቃቸው መሃል ላይ ተቆረጠ። ታዲያ ለምን እጅሽን አወጣሽ? አሉኝ። ስለ ግልገሏ አልኩ።  ወደኔ ነይ፣ አልጋ አለኝ አሉ። የኔ ቤት እዚህ ነው አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት።

አሁን ሄደዋል። ውስጥ ሳህን ይንኳኳል። ቂጣው ይሸታል። አስቴር በፋሲካ ማታ ልጅ የሚጠይቀውን፣ ከት/ቤት ያጠናችውን ጥያቄ ለመጠየቅ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው፤ አባቷ ጠብቂ፣ ፀሐይ ትግባ ይላታል። እማማ ጥሩየ እኔ ሳልጠይቃቸው ከወንበራቸው ተነስተው በበረንዳው መስታወት አዩኝ። ረጅም። ዓይናቸው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ወይም እኔ ደክሞኝ ነው።

ለሚዳቋዋ ማንም እንዳይረብሻት እጄን አውጥቻለሁ። ደሟ እግሯ ላይ እያለ ከመንጋዋ ያስወጣት የለም። ለኔ እጁን የሚያወጣ ማን ነው? አድማሱ? ይወደኛል፣ ይስቃል። አማቴ? የናታቸውን ሕግ ነው የያዙት፣ አልፈርድባቸውም። እኔም ግማሽ ልቤ ያምናል፣ ለአንተ አልዋሽም። ግማሹ ግን ሜዳ ላይ ቀርቶ በአጥር ተዘጋ።

እነሆ ያሰብኩት። ድስት አልነካም። ማዕዱ ላይ አልቀርብም። የእማማ ጥሩየን ሳህን አልጠጋም። ግን ሣጥኔን ይዤ ደፉን እሻገራለሁ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ግድግዳው ሥር አስቀምጠዋለሁ፣ የልጄን ጥያቄ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ቢቆጡ እታገሣለሁ። ውጪ ካሉኝ አልወጣም።

ፀሐይዋ ገባች። አስቴር ጀመረች። የበሩን እጀታ ይዣለሁ፤ ልዘጋህና ልገባ ነው።