ስምዎን በሚያምር ፊደል ጻፍኩት

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ተስፋሁን፣ ጨንቻ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ የሚነሳብዎ ሳልስ ተወዎት ወይ? እትዬ ዓለምነሽ፣ ልጆቹ፣ እንሰቱ፣ ያቺ ተዋጊዋ ላም ሳትቀር እንደምን ናችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ እንዳልል ዛሬ የምዋሽበት አቅም የለኝም።

ይህን የጻፈው ባለሱቁ ኑሪ አይደለም። ኑሪ አስራ አንድ ዓመት ሲጽፍልኝ ከራሱ ሰላምታ እየጨመረ ነበር፤ አሁን እጁም ቃሉም የራሴ ነው። በማታ ትምህርት ከሰላሳ ሁለት ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጡት ሴትዮ መነጽራቸውን ስለረሱ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አይስሟቸው። የሚኒባስ ታርጋ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የለቅሶ ማስታወቂያ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው። በጥር ወር ስልኬ ላይ አንድ የሸማ ገበያ ገጽ አገኘሁ። ጥለትዎን ያስመዝግቡ፣ ዓለም ይየው ይላል። ጀርባው ወርቅማ፣ ፊደሉ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ፣ ከታች ደግሞ ትልቅ አረንጓዴ «እስማማለሁ» አለ። የአባታችንን ጥለት ፎቶ አስገባሁ። ይህን ጥለት ሌላ ማን ይሠራል ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ጋሼ፣ አዲስ ጸሐፊ ባዶ ቦታ አይቶ መቼ ያልፋል? የጎረቤቴን የዓለሜንና የእርስዎን ስም እስከ አያት ጻፍኩ። ለእርስዎማ ከገበያው በላይ ያለው የቀርከሃ ቤት ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ ዕድሜ ልኬን ቀለም እየነከርኩ በፈረምኩበት አውራ ጣት፣ ያለ ቀለም፣ እንደ ጌታ «እስማማለሁ»ን ተጫንኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጫማው ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ወደ ሥራ ቤታችን ገባ። ዓለሜን እስከ አያቱ ጠርቶ፣ ጥለቱ የድርጅቱ ስለሆነ ከእንግዲህ ቢሠራው ፍርድ ቤት እንደሚገናኙ ነገረው። የጀመረውን ሸማ ፎቶ አንስቶ ወጣ። ዓለሜ መወርወሪያውን ጥሎ እየሳቀ፣ ሰዎች፣ የአያቴን ስም እኔ ራሴ ለመታወቂያ ስጠየቅ ነው የማስታውሰው፣ ለዚህ ማን ነገረው አለን። እኔ የተበጠሰ ክር የምቀጥል መስዬ አጎነበስኩ።

ስልኬን ለአስተማሪዬ ለእፀገነት አሳየኋት። ገጹ የለበሰውን ጌጥ ማስወለቅ እንደሚቻል ያን ዕለት ገና አወቅሁ። የስልኬ ማስተካከያ ውስጥ ገብታ ፊደሉን በገጹ ምርጫ ሳይሆን በእኔ ምርጫ አደረገችው፤ ትልቅ፣ ወፍራም፣ ጥቁር ላይ ነጭ። ወርቁ ጠፋ፣ ሐረጉ ጠፋ፣ ባዶ ከመሰለኝ ቦታም ቃል ብቅ አለ። በነጭ ላይ በነጭ ጽፈውት ኖሯል! ነጭ ሸማ ላይ በነጭ ክር ጥለት የሚጥል ሸማኔ ካለ የሚደብቀው አለው። ጥለቱ የድርጅቱ ይሆናል፣ ስማቸው የተሰጠንን ሰዎች በየተራ ቤታቸው ድረስ ሄደን እናስቆማለን ይላል። በየተራ።

ምነው ቀድመህ ባሳየኸኝ አለችኝ። ስልኩ የእኔ፣ ዓይኑ የእኔ፣ መልኩን ግን ገጹ ብቻ የሚመርጥ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ቀን ደወልኩ፤ ስልክዎ ጥሪ አይቀበልም። እውነቱን ልናገርና እፎይ አልኩ፤ አፌ አይደፍርም ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን በሹፌር እጅ ልኬዋለሁ። ያ ሰው ስምዎን እስከ አያት ጠርቶ ቢመጣ ጣትዎን በምንም ላይ አያሳርፉ። የሚያሳይዎትን ሁሉ ልጅዎ ሚስጥር ጌጡን ገፍፋ ታንብብልዎ። አባታችን ለእናታችን የሠራላትን ነጠላ ከሳጥን አውጥተው ለዚሁ ሹፌር ይስጡልኝ፤ ጥለቱ ከእነሱ በፊት እንደነበረ የሚመሰክርልን እሱ ብቻ ነው። አይዘግዩ። ትናንት ያ ሰው ከኑሪ ሱቅ ውሃ ሲገዛ፣ ወደ እናንተ የሚወስደው የአርባ ምንጭ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቆታል።

እትዬ ዓለምነሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ሚስጥርን አጎትሽ አንባቢ ሆነ፣ ጎበዝ ግን አልሆነም ይበሉልኝ። ትንሹን ኢዮሲያስን ግንባሩን ይሳሙልኝ። ኑሪ ሰላም ብሎዎታል፤ ይህኛው ሰላምታ የእውነት የራሱ ነው። ዓለሜም እጅ ይነሳዎታል። ስሙን ማን እንደሰጠ እስከ ዛሬ ይጠይቃል፤ እኔም አብሬው እጠይቃለሁ።

ወንድምዎ ገበየሁ
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.