ጭስ የሌለው ቤተ ሙከራ

ውድ ጋሼ ፊውዝ፣

ይህን ቅጽል ስም ከጀርባዎ እንጂ ፊት ለፊት ጠርቼዎት አላውቅም። ዛሬ ግን ደስታው ስላሰከረኝ ይቅር ይበሉኝ። ስሙ የወጣልዎት በመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ሆን ብለው ፊውዝ ስለሚያስቃጥሉን ነበር፤ «ፍርሃታችሁ አብሮ ይቃጠልላችሁ» ይሉን ነበር። እኔ በኤሌክትሪክ ክፍሉ የእርስዎን የማስተማር ወንበር ስረከብ መሣሪያው አልቆ፣ ልጆቹ በዝተው፣ አንዱ ልጅ ሞተር ላይ ሲሠራ ሃያው ቆሞ ያይ ነበር።

ልጆቹ ኮምፒውተር ላይ ሞተር እያገናኙ የሚለማመዱበትን፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ቤተ ሙከራ አምጥቼ ሳሳይዎት ግን «እሳት የሌለበት ማድ ቤት ምን ይበስልበታል?» ብለው አሾፉብኝ። የክፍል ኃላፊያችንም ቃልዎን ይዞ፣ ልጆቹ እውነተኛው ሞተር ላይ ተፈትነው ከወደቁ ነገሩ በዚሁ ይቀራል ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

ትናንት ፈተናው ነበር። የመጀመሪያው ልጅ ሽቦውን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ጠረጴዛውን ይዳብሳል። ምን ጠፋህ ስለው ለካ የኮምፒውተሩን ማውስ እየፈለገ ኖሯል። ኃላፊው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቀጥላ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ገባች። ሞተሩን ስታበራው አጉረመረመ እንጂ አልዞረም። ኃላፊው ዜሮ ሊሰጣት እስክሪብቶውን አነሳ። እሷ ግን ምንም ሳትደነግጥ ኃይሉን አጠፋች፣ መጥፋቱን በመለኪያ አረጋገጠች፣ ለሞተሩ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች የላላውን ፈልጋ አጠበቀች።

«ማን አሳየሽ?» አላት ኃላፊው።

«ማንም። ኮምፒውተሩ ላይ በዚሁ ጥፋት ስንት ሞተር አቃጥያለሁ። ድምፁን ስሰማው አወቅኩት።»

መልሳ ስታበራው ሞተሩ ዞረ። ጋሼ፣ ተማሪዎቼ ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ማውስ ፈላጊውም ሳቁ ሲበርድ ተመልሶ ገብቶ አለፈ። ለካ እነዚህ ልጆች እርስዎ እንደሚወዱት ያለ ፍርሃት ሲያቃጥሉ ነው የከረሙት።

ኃላፊው «ይቀጥል» አለ። ቀጥሎ ግን ጀማሪዎቹን ማን ይይዝልሻል ብሎ ጠየቀኝ። ሳላስፈቅድ የእርስዎን ስም ሰጠሁት። ጡረታ የወጡት ጉልበትዎ ደረጃ አልወጣ ብሎ እንጂ ማስተማር ሰልችቶዎት እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሰኞ ጠዋት ልጅዎ ኮምፒውተሩን ትከፍትልዎታለች፤ ከወንበርዎ ሳይነሱ ያስተምራሉ። ለተማሪዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፣ እየጠበቁዎት ነው። እምቢ ካሉ ሁሉንም አስከትዬ ሳሎንዎ ድረስ እመጣለሁ።

ከሁሉም አብልጣ ያቃጠለችብዎት
ተማሪዎ